ያላለቀ መኪና መሪ የለውም

አርብ አመሻሽ ላይ ታላቅ ወንድሜ ካሳሁን የመኪና መሪ በብብቱ ሸጉጦ ከጋራዡ ወደ ቤት ይመጣል። እኔ ከኋላው ነኝ። ይህ ለጌጃ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም። ሌላው ሰው ከሥራ ሲመለስ ዳቦ ይይዛል፤ ካሳሁን መሪ ይይዛል። መታጠፊያው ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ሳኒ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ።

«ሾፌር! መኪናውን የት ጣልከው?»

«ከኋላዬ እየመጣ ነው ጋሼ። መንገዱ ጠብቦት ነው» አለ ካሳሁን።

«ጥሩምባውስ?»

«እሱን እርስዎ ይንፉልኝ።»

ጋሽ ሳኒ በአፋቸው «ጲጵ» አሉ። ሁለቱም እንደ አዲስ ሳቁ። ይህን ቀልድ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ አርብ ዕለትም ሰልችቶኝ ነበር። ካሳሁን ቤት ገብቶ መሪውን በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለ። እጁን በዱቄት ሳሙና አሸ። ሽሮው ቀጥኗል ብሎ ከእማዬ ጋር ተጨቃጨቀ፣ ከዚያ አስጨምሮ በላ። ያ አርብ ይህን ያህል ነው። በማግስቱ ሞተ።

ለቅሶ ላይ ሁሉም ሰው «ቀኑ ነው» አለኝ። እጄን ይዘው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ቀኑ ደርሶ ነው፣ ምን ይደረጋል»። ቀኑ አልነበረም። ቀኑ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ መጻፍ አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከሱ ጋር ጋራዥ ገባሁ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ነገር ስጀምር ይቆራረጥብኛል። ግን ካሳሁን ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ሌሎች እንዲያወሩልኝ አልፈልግም። ሌሎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ስለ ሞተ ሰው ሲወራ ዝምተኛ ነበር፣ ሰው አያስቀይምም ነበር ይባላል። ካሳሁን ጯሂ ነበር። አንድ ቡሎን ከጠፋበት ጋራዡ በሙሉ ይሰማል። ቡሎኑ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የራሱ ኪስ ውስጥ ነው። ይቅርታ ግን አይጠይቅም፤ «እዚህ ማነው ያስገባው?» ብሎ እንደገና ይጮኻል። እጁን ግሪስ ስለማይለየው ሰው ሊጨብጠው ሲመጣ ክንዱን ነው የሚሰጠው። ልማድ ሆኖበት ታጥቦና የክት ልብሱን ለብሶም ክንዱን ይሰጥ ነበር። አንድ ጊዜ ሊያገባት ካሰባት ልጅ አባት ጋር ሊተዋወቅ ሄዶ ክንዱን ዘረጋላቸው። ሰውዬው እጁን የታመመ መስሏቸው «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉት። ልጅቷ ይህን ስታስታውስ ለቅሶ ላይ ሳቀች፤ ከዚያ መልሳ አለቀሰች።

ዝም የሚለው ሞተር ሲያዳምጥ ብቻ ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

የመሪው ነገር የመጣው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ ደንበኛ፣ ካሳሁን ለምሳ ወጣ ሲል፣ ያላለቀ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አብነት ሰፈር ሳይደርስ ጎማው ወልቆ ወጣ። ሰው አልተጎዳም። ካሳሁን ግን ከዚያ ጀምሮ ያላለቀ መኪና መሪ እየፈታ ቤት ይወስዳል። ቁልፍ መያዝ አይበቃውም። «ቁልፍማ ያስቀርጻሉ። ያለ መሪ የት ይሄዳሉ?» ይላል። ሰፈሩም፣ ደንበኛውም፣ የአብነት መካኒኮችም ይህን ያውቃሉ። ካሳሁን መሪ ከገጠመ መኪናው አልቋል። መሪው ቤት ከተሰቀለ አላለቀም። ሌላ ማረጋገጫ አይጠየቅም።

አንድ ጊዜ አንድ ሙሽራ በሰርጉ ጠዋት ሱፉን ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ ቤታችን መጣ። መኪናው ለሚዜዎቹ ይፈለጋል፤ የፊት እግሩ ገና አልታሰረም። ካሳሁን የለም። ሙሽራው መሪውን ምስማሩ ላይ አይቶታል። እማዬን ለመናት፣ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። እማዬ ቁርስ አቀረበችለት። «ብላ የኔ ልጅ። መሪውን ግን ልጄ ካላለ አልሰጥም» አለችው። ሰውዬው በታክሲ አገባ። እስከ ዛሬ ሲያየን መንገድ ይሻገራል። ካሳሁን ይህን ሲሰማ ግንባሯን ስሞ «የጋራዡ ዘበኛ አንቺ ነሽ» አላት። እማዬ ሳምንት ሙሉ ይህን ለጎረቤት ስታወራ ነበር።

ወደ መኪናዋ ልምጣ። ባለቤቷ ጋሽ ደግፌ ናቸው፤ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ካሳሁንን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ለእማዬ አበልጅ ናቸው ማለት ነው። አባታችን ሲሞት ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። እኔን እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያስመዘገቡኝ እሳቸው ናቸው። ይህን አልክድም። መካድ ብችል ኖሮ ንዴቴ ይቀለኝ ነበር።

መኪናዋ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት፤ አራት ማዕዘን፣ ግራጫ። ግቢያቸው ውስጥ ለዓመታት ቆማ ዶሮ ይታቀፍባት ነበር። ተጎትታ ጋራዡ ስትገባ ካሳሁን ዙሪያዋን ዞረና «ይቺማ መንኩሳለች» አለ። ከዚያ በኋላ ስሟ እማሆይ ሆነ። ጋሽ ደግፌ ስሙን አልወደዱትም።

«እማሆይ አይደለችም! ዘንድሮ ለመስቀል አገር ቤት የምገባባት ናት።»

«እንግዲያው ቆቧን እናስወልቃታለን» አለ ካሳሁን።

የጉራጌ ሰው መስቀልን አገሩ ገብቶ ነው የሚያከብረው። ማን መጣ ብቻ ሳይሆን በምን መጣም ይታያል። ጋሽ ደግፌ በወጣትነታቸው በዚያች መኪና አገር ቤት ገብተው ሕፃናት እየሮጡ ተከትለዋቸዋል፤ ያንን ነው ደግመው ማየት የፈለጉት።

ክረምቱን ሙሉ ሠራናት። አካሏን ከሻንሲው አነሳን። ዝገት የበላውን ቆርጠን በየድን። የድሮ ሞተሯን አውጥተን ከተገለበጠ አዲስ መኪና የወጣ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር አስገባን። አልገጥም ሲል ካሳሁን የሞተሩን መቀመጫ ራሱ ቆርጦ ሠራው፤ ሦስቴ አፍርሶ ሦስቴ ሠራው፣ በየጊዜው እየጮኸ። የሚሸከማትን ባልስትራ በወፍራም ቀየርን፣ ንዝረት የሚያበርዱ ረጃጅም አሞርዛተሮች ሰጠናት፣ ትልልቅ ጎማ አጠለቅንላት። ሽቦዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኔ ዘረጋሁት። መጀመሪያ የተነሳች ቀን ካሳሁን ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ፣ ቆየ፣ ዓይኑን ገለጠ። «እማሆይ ዘፈነች» አለ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ።

የቀረው ፍሬን ነበር። የድሮ ፍሬኗ የተሠራው ለድሮ ሞተሯ ነው፤ ያኔ ዳገት ላይ ሰው በእግሩ ይቀድማት ነበር። አሁን ጉልበቷ ሌላ ነው፣ ክብደቷ ጨምሯል፣ ከመሬት ከፍ ብላለች። «መሮጥ ያስተማርከውን መቆምም አስተምረው» ይል ነበር ካሳሁን። ለደንበኛ ሁሉ ይለዋል። «ጉልበት ሲጨመር ጓደኛ ተሰብስቦ ያጨበጭባል። ለፍሬን ያጨበጨበ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።» የተሻለ ፍሬን፣ ዲስኩ፣ ሁሉም ነገር ያለው፣ ሶማሌ ተራ ላለ ዕቃ ሻጭ አዝዟል። ዕቃው ቆየ። ጋሽ ደግፌ በየቀኑ ይደውላሉ።

«ሞተሯ ይነሳል?»

«ይነሳል ጋሼ።»

«ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች። አትቆምም እንጂ።»

«እኔም የምፈልገው እንድትሄድልኝ ነው!»

የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ ጋራዡ በሙሉ ይሰማል፣ ይስቃል። ካሳሁን አይስቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃው ገብቷል ተባለና ሁለታችን ሶማሌ ተራ ሄድን። ካሳሁን ሳጥኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ዕቃ አገላብጦ አየ፤ አንዱን አሽትቶታል። ታክሲ ውስጥ ሳጥኑ እኔ ጭን ላይ ነው። ካሳሁን ደስ ብሎታል። «ዛሬና ነገ ከሠራን ለደመራ ባይደርሱ ለመስቀል ይደርሳሉ። እማሆይን ራሴ ነድቼ አገር ቤት አስገባቸዋለሁ፣ ክትፎዬንም በልቼ እመለሳለሁ» አለ።

ከታክሲ ወርደን ወደ ጋራዡ ስንታጠፍ የእማሆይን ድምፅ ሰማን። ካሳሁን ቆመ። ከዚያ ሮጠ።

ጋሽ ደግፌ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ሾፌራቸው መሪውን ይዟል፤ ሌሎቹ የጋራዡ ልጆች ለበዓል አገር ቤት ገብተዋል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ያ መሪ ምስማሩ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከኋላ፣ ከአንድ ሰው ቦታ በቀር፣ የበዓል ዕቃ እስከ ጣሪያው ተጭኗል። ካሳሁን በሩን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይውረዱ።»

«ሰላምታም የለ?»

«ፍሬን የላትም።»

«ሾፌሬ ሞክሯታል፣ ትይዛለች።»

«ግቢ ውስጥ ትይዛለች። ተጭና ቁልቁለት ላይ አትይዝም። ይኸው ዕቃው መጥቷል» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። እኔ ሳጥኑን ታቅፌ ቆሜያለሁ። «ነገ ማታ አስረክብዎታለሁ።»

«ነገማ ደመራ ነው! በሬው ተገዝቷል፣ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። ልጄ አይደለህም እንዴ ካሳሁን? አታሳፍረኝ።»

«መሪውን ማን ሰጠዎት?»

«ማን ይሰጠኛል? አበልጄ ናት።»

ካሳሁን ዝም አለ። ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ሳይኖር ዝም ሲል ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ሾፌሩን «ወደ ኋላ ሂድ፣ እኔ እነዳታለሁ» አለው። እኔን ወደ ጎን ሳበኝ።

«በቃል አይመለሱም። በማርሽ ይዣት ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ እየሄድን አሳምናቸውና አየር ጤና ሳንደርስ እንመለሳለን። አንተ እንድናነሳት ክሪኩን አዘጋጅ።»

ልክ ሊገባ ሲል ዞረ። «ሳጥኑን መሬት ላይ እንዳታስቀምጠው፣ አቧራ ይገባዋል» አለኝ።

የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው። ስለ አቧራ።

የሆነውን የነገረኝ ሾፌሩ ነው፤ ለእኔ ብቻ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣ በሹክሹክታ። ካሳሁን መንገዱን ሙሉ ለመናቸው። ጋሽ ደግፌ «ይኸው እየሄደች አይደል?» እያሉ አሳለፉት። አየር ጤናን አለፉ። ቁልቁለቱ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ነበር፤ በጎኑ ሰዎች መንገድ ይሻገራሉ። ማርሽ ብቻውን አልያዛትም። ፍሬኑን ረገጠ፣ ፔዳሉ ወለል ነካ። ግራና ቀኝ አየና መሪውን በግራ በኩል ወዳለው የድንጋይ አጥር አዞረው። በራሱ በኩል ነው የመታው። ጋሽ ደግፌ ክንዳቸው ተሰበረ። ሾፌሩ ምንም አልሆነም። የተሻገሩት ሰዎችም ምንም አልሆኑም።

እማዬን «ለምን ሰጠሽ?» አልኳት። ያዘነች እናት እንዲህ አትጠየቅም ይላሉ። እኔ ጠየቅኩ።

«አበልጄ ናቸው» አለች። «ካሳሁን ያውቃል፣ ተነጋግረናል አሉኝ። ልጄን ክርስትና ያነሱትን ሰው ይዋሻሉ ልበላቸው?»

ጉልበቷ ላይ የወደቀውን ሙሽራ የመለሰች ሴት አበልጇን መመለስ አልቻለችም። ከዚያ እጄን ጨብጣ «ለሰው እንዳትናገር» አለችኝ። «ልጇን በእጇ አሳልፋ ሰጠች ይሉኛል።»

የደመራ ዕለት ቀበርነው። ሰፈሩ ችቦ ሲያስር እኛ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ጋሽ ደግፌ ከፊት ወንበር፣ ክንዳቸው አንገታቸው ላይ በጨርቅ ታስሮ። የመጣው ሁሉ ይጠይቃቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው።

«ምን ልበላችሁ? መሪዋ ተገጥሞ ነው የተነሳነው። ቀኑ ነው።»

ይህን ንግግር ደጋግሜ አገላበጥኩት። ውሸት የለበትም። መሪዋ ተገጥሞ ነበር። ማን ገጠመው፣ ከየት መጣ፣ ማንም አልጠየቀም፤ ካሳሁንን የሚያውቅ ሰው አይጠይቅማ! ከኋላዬ የተቀመጡት የአብነት መካኒኮች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ካሳሁን መሪ ከገጠመ አልቋል ማለት ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ፍሬን ይረሳል?»

«ለመስቀል ቸኩሎ ይሆናላ። ነፍሱን ይማር፣ ጎበዝ ልጅ ነበር።»

ፍሬን ረሳ። ካሳሁን! ለቀበሩት ሰዎች አንድ ነገር ትቶላቸው ቢሄድ ይህ ስም ነው፤ እሱንም ቀበሩት። ተነስቼ ልጮኽ ነበር። እማዬ ከሴቶቹ መሃል ታየኛለች። ቁጭ አልኩ። ጋሽ ደግፌ ክንዳቸውን እያስታመሙ «ቀኑ ነው» ይላሉ። ሾፌራቸው ለእንግዳ ውኃ ያድላል፣ ዓይኔን አያይም። በሁሉም ተናደድኩ። በካሳሁንም ተናደድኩ። ደንበኛ ላይ ስትጮኽ ሰፈር ትሰበስብ የለም? የዚያን ቀን ለምን አልጮህክም? ለምን ገባህ? ከጎማው ፊት ለምን አልተኛህም? ትልቅ ሰው አክብረህ፣ የእማዬን ስም በመንገድ ላይ ላለማንሳት ብለህ ገባህ። እኔም ያንተን ሳጥን ታቅፌ ቀረሁ።

በማግስቱ፣ የመስቀል ዕለት ጠዋት፣ ሰው ድንኳኑ ውስጥ መሰብሰብ ሲጀምር ወጥቼ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። መንገዱ ላይ የደመራው አመድ አለ። ትራፊክ ፖሊሶቹ ጉዳያቸውን ጨርሰው እማሆይን ለባለቤቷ መልሰዋል። ጋሽ ደግፌ ደግሞ አስጎትተው የእኛ በር ላይ አስጥለዋታል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። በግራ በኩል የለችም ማለት ይቻላል። አዲሱ ባልስትራ ግን እንዳለ ነው፣ አልተነቃነቀም።

መፍቻ ይዤ ወጣሁ። የፍሬኑ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መሬት ላይ አላስቀመጥኩትም። መኪናዋ ውስጥ በቀኝ በኩል ገባሁና የመሪውን ቡሎን ፈታሁ። በቀላሉ ተፈታ። ካሳሁን ያሰረው ቡሎን በቀላሉ ተፈትቶ አያውቅም። መሪው ወደ አንድ ጎን ጎብጧል። በብብቴ ሸጎጥኩትና በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ።

ድንኳኑ በር ላይ ከአብነት መካኒኮች አንዱ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። እጄ ግሪስ ስለነበር ክንዴን ሰጠሁት። መሪውን ሲያይ ክንዴን ሳይለቅ ቆመ። ጋሽ ሳኒ እዚያው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀና ሲሉ አዩኝ፤ አፋቸው ተከፈተ። የለመዱት ነገር ሊወጣቸው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ብድግ አሉ።

«አቤል፣ ይኼ የእማሆይ መሪ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«የት ልትወስደው ነው?»

«ወደ ቤት።»

ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩን።

«አላለቀችም ነበር እንዴ?» አሉ ጋሽ ሳኒ፣ ቀስ ብለው።

«አላለቀችም ነበር።»

«ታዲያ መሪውን ማን ገጠመው?»

እኔ ጋሽ ደግፌን አየሁ። ጋሽ ደግፌ ሾፌራቸውን አዩ፣ ከዚያ እማዬን አዩ። ያ አስተያየት ልመና ነበር። ቅዳሜ ጠዋትም በዚያው ዓይን አይተዋት ይሆናል። እማዬ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። ሊደግፏት የያዟትን እጆች አስለቀቀች።

«አበልጄ፣ ይናገሩ» አለች። ድምፅዋ እሳቸውን ቤታችን ስትቀበል የምታወጣው የአክብሮት ድምፅ ነበር። «እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ። ከማን እጅ እንደወጣ የማውቀው እኔ ነኝ።»

እኔ አልቆምኩም። በወንበሮቹ መሃል አልፌ ቤት ገባሁና መሪውን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ጎብጧልና አልረጋ አለኝ። ውጭ እማዬ መናገር ጀመረች። እስኪረጋ ድረስ በሁለት እጄ ይዤው ቆምኩ።